ለከታቢው ያዋጣነው ጋቢ

ብርድ ቢያንዘፈዝፈኝ እንኳ የሰው ጋቢ ተውሼ አልለብስም። ቤቴ ለመጣ እንግዳም ጋቢ ከማልበሴ በፊት በፈላ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ መዋሉን እጠይቃለሁ። ልጆቼ «አባታችን በስተርጅናው ንፉግ ሆነ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እኔ ያየሁትን እነሱ አላዩም። ለእናንተ ግን ከነምክንያቱ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው ጣልያን መተማን ከያዘ ወዲህ ነው። እኔ ያኔ ሽንፋ ወንዝ ዳር አዲስ ጎጆ የወጣሁ ወጣት ነበርሁ። ሰሊጥና ማሽላ አርሳለሁ፤ በበጋ ደግሞ ከግራር ላይ ሙጫ እየለቀምሁ መተማ ወስጄ እሸጣለሁ። ልጅ ሳለሁ ፈንጣጣ ይዞኝ ስለነበር ፊቴ የተጠቀጠቀ ነው። ሚስቴ ውባለም በሰርጋችን ሰሞን «የማር እንጀራ አገባሁ» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። ማሬ የምትባል ገና ጡት የምትጠባ ልጅ ነበረችን። የውባለም ታናሽ ወንድም ደርሶም ከእኛው ጋር ይኖር ነበር። ደርሶ ቀልደኛ፣ ዘፋኝ፣ ለሥራም የማይለግም ጎረምሳ ነበር፤ እንደ ሥጋ ወንድሜ እወደው ነበር።

በዚያ ዓመት መኸሩ ሳይሰበሰብ ፈንጣጣ ገባ። መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ ያለውን ሰፈር መታው፤ ሰው አልቆ በሩ የተዘጋ ቤት ነበር። ከዚያ በየቀበሌው እየዞረ ወደ ቆላው ይወርዳል ተባለ። የአገር ከታቢዎች አሉን፤ ከታመመ ሰው ቁስል ወስደው የጤነኛውን ክንድ ጭረው ያስገቡለታል። በዚያ የሚድን ይድናል፤ በዚያው ታሞ የሚሞትም ብዙ ነው። መተማ የጣልያን ሐኪም አለ፤ ነገር ግን «መርፌው ያመክናል» የሚል ወሬ ስለተነዛ ልጁን ይዞ የሚሄድ አልነበረም። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት አላውቅም። አገራችንን በመርዝ ጭስ የወጋ ሰው በመርፌ ያድነናል ብሎ ማመን ግን አስቸጋሪ ነበር።

በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለን ሐጅ ኑር ከመተማ መጡ። ሐጅ ኑር ሰሊጣችንንና ሙጫችንን የሚገዙን ነጋዴ ናቸው፤ ወዲህ መተማ፣ ወዲያ ደግሞ ሱዳን ውስጥ ገላባት ላይ ሱቅ አላቸው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውጭ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቅዳሴ እስኪያልቅ ጠበቁን።

«የገላባት ነጋዴዎች ተመካክረናል» አሉ። «የሱዳን መንግሥት ክትባቱን ለራሱ ሰው እንጂ ለናንተ አያመጣም። እኛ ግን ከታቢ ቀጥረን መድኃኒቱን ከገዳሪፍ ከተማ በሎሪ መኪና ልናስመጣ እንችላለን። ከታቢው ኾሩ ድረስ ወርዶ ልጆቻችሁን ይከትባል። የወጪው ግማሽ በእኛ፣ ግማሹ በናንተ ይሁን።»

ኾር የሚሉት መተማንና ገላባትን የሚለየውን ደረቅ ወንዝ ነው፤ በክረምት ብቻ ውኃ ይሄድበታል።

«ሐጅ፣ ለመሆኑ እናንተን ምን ቸገራችሁ?» አሏቸው አንድ ሽማግሌ።

«እውነቱን ልንገራችሁ? በሽታው ገበያችን ከገባ ሱዳንን የያዘው እንግሊዝ መንገዱን ይዘጋዋል። መንገዱ ከተዘጋ ሱቃችን ጦሙን ያድራል። ደግሞም ወላሂ እኛም ልጆች አሉን።»

ስለ ጽድቅ ብቻ ቢያወሩን እንጠረጥራቸው ነበር። ጥቅማቸውን አፍ አውጥተው መናገራቸው አሳመነን።

የደብራችን ቄስ መምሬ አበጀ ተነሡና «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው፤ እናዋጣ» አሉ። ማዋጣቱን ሁሉም ወደደው፤ ግን ምን ይዋጣ? ሰሊጡ ገና ማሳ ላይ ነው። የጣልያንን ገንዘብ ገላባት ላይ የሚቀበል የለም፤ ብር የነበረውም ቀብሮታል። ማርና ሙጫ ትንሽ ትንሽ ተገኘ። የገላባት ገበያ የሚወደው የኛን አገር የጥጥ ጋቢ ነው፤ ነገር ግን ያለችውን አንድ ጋቢ አውልቆ የሚሰጥ ማን ነው? ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

መምሬ አበጀ ያን ጊዜ ያመጡት ሐሳብ ሁላችንንም አስለቀሰን።

«ሰው ሲሞት ልብሱን ስለ ነፍሱ ለቤተ ክርስቲያንና ለድኻ እንሰጣለን አይደል? ዘንድሮ የሟቾቹ ልብስ ለዚህ ይዋል። ሕፃን ከሞት ከማዳን የሚበልጥ ምጽዋት የለም። ተዝካር ይሁንላቸው።»

«ይሁን! ይሁን!» አለ ሕዝቡ። ሐጅ ኑር በዚያ ሰዓት ከአንዱ ገበሬ ጋር ስለ ሙጫ እያወሩ ነበርና ይህን አልሰሙም። የሰማነውም ብንሆን ክፉ ነገር በልባችን ውልም አላለ። በሽታው ከሰው ጋር ይቀበራል ብለን ነበር የምናምነው፤ የሟች አርባ ከወጣ በሽታውም ከቤቱ ወጣ ማለት ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሰጠው ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር ነው። ልጆቻቸው አልቀዋል፤ ክትባቱ ለነሱ ምንም አይፈይድላቸውም። ቢሆንም «የኛ አልፏል፣ የናንተ ይዳን» ብለው ሳጥናቸውን ከፈቱ። የሚሰበስበው ደርሶ ነበር። እዚያው ሰንብቶ በየቤቱ እየዞረ ያመጣውን ሁሉ ከእሜቴ ደብሬ ቤት ያከማቸዋል። እሜቴ ደብሬ የሰፈሩ ትልቅ ሴት ናቸው፤ እሳቸውም እንደኔ ፊታቸው በፈንጣጣ የተጠቀጠቀ ነው። እኔ በጉዞው ዋዜማ አህያ ይዤ ስሻገር ደርሶ አንድ ነጭ ጋቢ ተከናንቦ አገኘሁት።

«ይኸ ደግሞ የማን ነው?» አልሁት።

«ገላባት እስክንደርስ ተውሼው ነው። ሸክሙን ባቀልልህ ምን ከፋህ አያ ካሴ?» ብሎ ሳቀ።

እሜቴ ደብሬ ከጓዳ ጥለቱ ያማረ ነጠላ ይዘው ወጡ። በዚያው ወረርሽኝ የሞተችባቸው አንድያ ልጃቸው የሰርግ ነጠላ ነበር። ታማ የተኛችው እሱን ለብሳ ነው።

«አላጠብሁትም ልጄ» አሉኝ። «ባጥበው እሷን አጥቤ የማፈስ መሰለኝ። እንዲያው ውሰደው፤ የሰው ልጅ ያድንበት።»

ዕንባዬን እየዋጥሁ ተቀብዬ ከክምሩ ላይ አኖርሁት። ማታ ቤቴ ሳደርሰው ውባለም ጋቢዎቹን አንድ በአንድ አጣጥፋ ማእዘን ላይ ደረደረቻቸው። ማሬ ስታለቅስባት ከክምሩ ላይ አስተኛቻት፤ ልጅቷም ያንን ነጠላ እየጨመደደች እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ቆሜ እያየሁ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ከደርሶ ጋር አህዮቹን ጭነን ተነሣን። የጣልያን ኬላ እንዳያገኘን በጫካ ጫካ ዞረን፣ መንገድ ላይ አድረን ኾሩን ከታች በኩል ተሻገርን። ደርሶ መንገዱን ሙሉ ሲዘፍን ነው የሄደው። ገላባት ስንገባ ሐጅ ኑር ከሱቃቸው ግቢ ተቀበሉን፤ ሌሎቹ ነጋዴዎችም ተሰብስበው ነበር። ሊቀጠር የታሰበው ከታቢም መጥቷል። በሽር ይባላል፤ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ብዙ የማይናገር ወጣት ሱዳናዊ ነው። አማርኛ ስለማይችል ሐጅ ኑር ያስተረጉሙ ነበር።

ጭነቱን አወረድነው። ነጋዴዎቹ የጋቢውን ጥራት በእጃቸው እየዳበሱ በዓረብኛ «ጠይብ፣ ጠይብ» እያሉ ያደንቃሉ። የእሜቴ ደብሬን ነጠላ ስፈታው ግን በሽር ጎንበስ ብሎ አየውና እጁን ሰበሰበ። ጨርቁ ላይ እንደ ምስር ክክ ያለ የደረቀ ቅርፊት ተጣብቆበታል።

«ይህ የማን ነው ይላል» አሉ ሐጅ ኑር።

«የእሜቴ ደብሬ ልጅ ነው።»

«የት አለች ይላል።»

«ሞታለች።»

«በምን ሞተች?»

«በፈንጣጣ።»

ሐጅ ኑር ይህችን ቃል ወደ ዓረብኛ የመለሷት ቀስ ብለው ነው። በሽር ክምሩን በጣቱ አሳየ።

«እነዚህስ?»

«ሁሉም የሟቾች ናቸው» አልሁ ደረቴን ነፍቼ። «ስለ ነፍሳቸው የተሰጡ ናቸው።»

ሐጅ ኑር ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ገና ተርጉመው ሳይጨርሱ ነጋዴዎቹ ጋቢውን እየወረወሩ ሸሹ። አንዱ እጁን በአሸዋ ይፈትጋል፣ አንዱ አላህን ይጠራል። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም፤ ስጦታችንን የናቁት መስሎኝ ተቆጣሁ።

«ምነው ሐጅ! የለቅሶ ልብስ ነው ብላችሁ ነው? ከልባችን አዋጥተን ብናመጣ…»

«ዝም በል ልጄ፣ ዝም በል!» አሉኝ። «በሽታው ልብሱ ውስጥ አለ። ቅርፊቱ ውስጥ አለ። ወር ቢያልፈው፣ ሁለት ወር ቢያልፈውም አይሞትም ይላል። የመድኃኒቱን ዋጋ ብላችሁ በሽታውን ራሱን ተሸክማችሁ ነው የመጣችሁ!»

በሽር መጥቶ ፊቴን አገላብጦ አየ፤ ጠባሳዬን ሲያይ «አንተን ዳግም አይዝህም» አለኝ። ቀጥሎ ወደ ደርሶ ዞረ። የደርሶ ፊት ለስላሳ ነው። ጋቢውን እንደተከናነበ ቆሞ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሐጅ ኑርን ያያል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የለበሰው?»

«ሳምንት አልፎታል» አለ ደርሶ ራሱ። ሊስቅ ሞከረ፤ ግን አልሆነለትም። ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ ጣለው።

«ቤትህ ያለ ሰውስ? ጨርቁን የነካው ማን ነው?»

ማሬ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው። ነጠላውን በትንሽ እጇ ጨምድዳ፣ አፏን ከፈት አድርጋ የተኛችው። መልስ ልሰጥ አፌን ብከፍት የወጣው ጩኸት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ሐጅ ኑር የማሬን ነገር ከአፌ አውጥተው ተረጎሙለት፤ በሽርም እስክረጋ አልጠበቀም። «ጨርቁን ከነካች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። በቶሎ ከተከተበች ትተርፍ ይሆናል። ቃል ግን አልገባም» አለ። መድኃኒቱ ሙቀት ስለማይችል ሎሪው እንደመጣ መከተብ አለበት፤ በሰዓቱ ያልደረሰ ሰው አመለጠው ማለት ነው።

ጋቢዎቹን ከከተማው ውጭ ወስደን ጋዝ አፍስሰን አነደድናቸው። ያን ሁሉ እናት ዕንባ፣ ያን ሁሉ ተዝካር እሳት ሲበላው ቆሜ አየሁ። የእሜቴ ደብሬን ነጠላ የጣልሁት እኔ ነኝ።

ነጋዴዎቹ ርቀው ቆመው ይከራከሩ ነበር። አንዱ ባለ ትልቅ ሱቅ «የነሱ ግማሽ ተቃጠለ፤ ውላችንም አብሮ ተቃጥሏል» ማለቱን በኋላ ሰማሁ። ሐጅ ኑር በዓረብኛ ሲመልሱለት ፊታቸውን ብቻ ነበር የማየው፤ ትርጉሙን ኋላ ነገሩኝ።

«ልጁን የቀበረ ሰው የልጁን ልብስ ሰጠን። ከዚህ በላይ ምን ያዋጣልን? ግማሻቸውን ሰጥተዋል፤ ሳያውቁ መርዝ ሆነ እንጂ። ደግሞስ እነሱን ባዶ እጃቸውን ብንመልስ በሽታው ድንበር ጠይቆ የሚቆም መሰላችሁ?»

ማሩና ሙጫው መያዣ ዕቃቸው ታጥቦ እንደ ግማሽ ተቆጠረልን። ሎሪው ወደ ገዳሪፍ ወጣ። ደርሶን ኾሩ ዳር ለብቻው ዳስ ሠሩለት። እኔም በሽር ባዘዘኝ መሠረት ገላዬንና ልብሴን በሳሙና አጥቤ፣ በሐጅ ኑር በቅሎ ወደ ቤቴ ገሠገሥሁ።

ውባለም ከሩቅ አይታኝ እየሳቀች ወጣች። ብቻዬን መሆኔን ስታይ ሳቋ ጠፋ። ነገርኋት። አልጮኸችም፤ ማሬን ከጀርባዋ አውርዳ እግሯን፣ ሆዷን፣ አንገቷን ትዳብስ ጀመር። ከዚያ «በቅሎው ደክሟል?» አለችኝ። «አልደከመም» አልኋት። ደክሞ ነበር። ያንኑ ዕለት ልጅቷን አዝላ በቅሎው ላይ ወጣች።

መምሬ አበጀ ደወል አስደውለው ሕዝቡን ሰበሰቡ። የሆነውን ስነግራቸው ጥምጥማቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀመጡ። «እኔ ነኝ ያልሁት» አሉ። ሕዝቡ ግን ለመውቀስ ጊዜ አልነበረውም። ሁሉም ልጁን እያዘለ ወደ ኾሩ ተነሣ።

እሜቴ ደብሬም ወሬውን ሰምተው ወንዙን ተሻግረው ጠበቁኝ።

«የልጄ ነጠላስ?» አሉኝ።

«ተቃጠለ እሜቴ። እኔ ነኝ ያቃጠልሁት።»

«ያ ልጅ፣ ደርሶ፣ ማን አለው እዚያ?» አሉ።

«ብቻውን ነው።»

«እኔን አንዴ ይዞ ለቆኛል። እኔ አስታምመዋለሁ» ብለው ተከተሉኝ።

ኾሩ ዳር ስንደርስ በሽር መክተብ ጀምሯል። ማሬ ከእናቷ ጋር ከመጀመሪያዎቹ ነበረች። ክንዷ ላይ ጫር ጫር ሲያደርጋት አልቅሳ ዝም አለች። ሐጅ ኑር የገዛ ልጆቻቸውን አምጥተው ከኛ ልጆች ጋር አሰልፈዋል፤ ያን ያደረጉት ሕዝቡ እንዳይፈራ ነው። ደርሶም ተከተበ፤ ግን ትኩሳቱ ቀድሞ ይዞት ነበር። እኔና እሜቴ ደብሬ እየተቀባበልን አስታመምነው። ፊቱ እስኪጠፋን ድረስ ፈንጣጣው ወጣበት። አንድ ቀን ድምፁ ሳይዘጋ «አያ ካሴ፣ አሁንስ አንተ ቆንጆ ልትባል ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም።

የቀበርነው ሁለታችን ጠባሳሞቹ ነን። አማቴ፣ የውባለምና የደርሶ እናት፣ ከኾሩ ወዲያ ማዶ ቆማ፣ እንዳትሻገር ሰዎች ይዘዋት ትጮህ ነበር። «ልብሱን ስጡኝ! ለነፍሱ የምሰጥለት ልብሱን ስጡኝ!» ትላለች። እኔ ዓይኗ እያየ የልጇን ልብስ አቃጠልሁ። የረገመችኝ እርግማን ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ማሬ ከነእናቷ ተረፈች። ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ የተማርሁት ስለ በሽታ ብቻ አይደለም። ደግነት ዓይን ካልጨመሩለት ዕውር መሆኑን ተማርሁ። ከማዶ ሰፈር ሰዎች የበለጠ ደግ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ያ ደግነታቸው ግን ቤቴ ገብቶ ሰው በላ። ስለዚህ ለሚበጅ ነገር አዋጡ ስትባሉ አዋጡ፤ ብቻ የምትሰጡት ነገር ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ። የምትቀበሉም ብትሆኑ ሰጪው አልቅሶ ስለሰጣችሁ ብቻ አትቀበሉ። ብዙ ዓመት ቆይቶ ፈንጣጣን ከዓለም እናጥፋ የሚሉ ሰዎች በመኪና አገራችን ሲመጡ፣ መንገድ እየመራሁ በየጎጆው አብሬያቸው የዞርሁት ለዚህ ነው። የሩቅ አገር ሰዎች ገንዘብ አዋጥተውላቸው እንደመጡ ሲነግሩኝ ሐጅ ኑር በዓይኔ መጡብኝ። ክንዱን አልሰጥም ያለ ሰው ሲያጋጥማቸው እኔ ገብቼ ደርሶን አጫውተዋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ክንዱን ይሰጣል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በደርሶ አርባ ሰሞን ሐጅ ኑር እንደገና መጡ። ከታች ያሉት ሰፈሮች አልተከተቡምና ሁለተኛ መዋጮ ያስፈልጋል አሉ። ሕዝቡ ፈራ፤ መምሬ አበጀም ቀና ብለው ለመናገር አልደፈሩም። አማቴ ወደ ቤት ገብታ ትልቅ ጋን ውኃ ጣደች። ሲፈላ ከላይዋ ያለውን ጋቢ አውልቃ ነከረችው፤ በእንጨት እያገላበጠች ቀቀለችው፤ አሸዋው ላይ አስጥታ እስኪደርቅ አጠገቡ ተቀመጠች። ያላት እሱ ብቻ ነበር። ሲደርቅ አጣጥፋ ለሐጅ ኑር ሰጠቻቸው።

«የደርሶ ተዝካር ነው» አለች። «ከኔ ላይ የወጣ ነው፤ ንጹሕ ነው።»

ከሷ በኋላ ሌሎቹ የየራሳቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ በኛ ደብር ለሟች ነፍስ የሚሰጠው የሟቹ ልብስ መሆኑ ቀርቶ የሐዘንተኛው ሆነ። አማቴ ያንን ክረምት ያለ ጋቢ ከረመች።